ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ከረጢቱ ይከፈት

ጥያቄ፦ «የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ አባል ነኝ። ሰዎች ከቤት የሚወጣ ቆሻሻ እንዲቀንሱና ለይተው እንዲያስቀምጡ የሚያነሳሳ የቪዲዮ ስብስብ ልንሠራ ነው። 12 ቪዲዮ አስበናል፤ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ስለ አካባቢ ብክለት ግንዛቤ ያስጨብጣሉ። ቀጣዮቹ ስድስቱ ስለ ፕላስቲክ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስለ ወረቀትና ስለ ብስባሽ። እንዲያቀርብልን አንድ ታዋቂ ሰው እያነጋገርን ነው። አካሄዳችን ልክ ነው? ስንት ሰው ቢያየው ነው ተሳክቶልናል የምንለው?»

መልስ፦ የዕቅዳችሁ ትልቁ ችግር ርዝመቱም ብዛቱም አይደለም። ከሥሩ ያለው ግምት ነው። «ሰው የማያደርገው ስለማያውቅ ነው፤ ካስረዳነው ያደርጋል» የሚለው። አራት ቪዲዮ ሙሉ ለግንዛቤ የመደባችሁት ለዚህ ነው። ግን በየበሩ እያንኳኳችሁ ብትጠይቁ ቆሻሻ ጥሩ ነው የሚል ሰው አታገኙም። የምትሰሙት ሌላ ነው። «ሁለተኛ ማጠራቀሚያ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።» «ታጥቦ ነው ወይስ እንዳለ?» «እኔ ብለየው ልጆቹ መልሰው ይደባልቁታል።» «መኪናው ላይ ሲደርስ አንድ ላይ ነው የሚጫነው፤ ምን አደከመኝ?» ከእነዚህ አንዱም በ15 ደቂቃ የብክለት ትምህርት አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሱዛን ሚኪ እና ባልደረቦቿ ባወጡት የባህሪ ለውጥ ማዕቀፍ አንድ ሰው አንድን ነገር እንዲያደርግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ችሎታ፣ ምቹ ሁኔታ እና ፍላጎት። ቪዲዮ ችሎታን በደንብ ይሰጣል። ፍላጎትንም በመጠኑ ይቀሰቅሳል። ምቹ ሁኔታን ግን አይፈጥርም። ማጠራቀሚያ ሆኖ ኩሽና ውስጥ አይቀመጥም፤ ለየብቻ የሚጭን መኪናም አያመጣም። ስለዚህ ለይቶ የሚሰበስብና የሚቀበል ወገን በሌለበት «ለዩ» የሚል ቪዲዮ ባትሠሩ ይሻላል። ሰው ሁለት ሳምንት ይደክምና የለየው ተደባልቆ ሲጫን ያያል። ከዚያ በኋላ ጥሩ አሠራር ብታመጡም አያምናችሁም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስብስቡ ስለ መቀነስ ብቻ ይሁን። መቀነስ የማንንም መኪና አይጠብቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀረጻ አይደለም። ቆሻሻውን ተከተሉት። ከቤት ከወጣ በኋላ ማን ይወስደዋል? የት ይራገፋል? ማን ይገዛዋል? የሚረከቡትን ሰዎች ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ ምን ትቀበላላችሁ፣ ምን ትመልሳላችሁ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከማንኛውም የስክሪፕት ጸሐፊ የተሻለ ርዕስ ትሰጣችኋለች።

ከዚያ ከረጢቱን ክፈቱ። ፈቃደኛ የሆኑ ከ20 እስከ 30 ቤቶች የአንድ ሳምንት ቆሻሻቸውን ይስጧችሁ። ምግብ፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታልና ስስ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ፣ ቆርቆሮ፣ ሌላ ብላችሁ ለይታችሁ መዝኑ። ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ የሰው ቆሻሻ የሰው ምስጢር ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካ፣ የማን እንደሆነም አይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ወፍራም ጓንትና ጭምብል አድርጉ፤ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ስባሪ ብርጭቆም መርፌም ሊኖር ይችላል። በእጅ ዝቆ መፈለግ የለም፤ ዘርግቶ በመቆንጠጫ ማንሳት ነው።

ክብደቱን ስታዩ ርዕሶቻችሁ ይገለባበጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ከ12 ቪዲዮ ግማሹን ለፕላስቲክ ሰጥታችኋል። ስለ ምግብ አንድም የለም፤ ብስባሹም መጨረሻ ላይ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ደረጃ ከማዘጋጃ ቤታዊ ቆሻሻ 44 በመቶው ምግብና የአትክልት ተረፈ ምርት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ ይገምታል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው ከየቤቱ ነው። የየቤቱ ብቻ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በዓመት 79 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ምግብ አየር በሌለበት ሲቀበር ሚቴን ያመነጫል፤ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ጋዝ ነው። እርጥብ ምግብ አጠገቡ ያለውን ካርቶንና ወረቀትም ያበላሻል። ፕላስቲክ ጎልቶ የሚታየን ስለማይበሰብስና ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ነው። እሱም ቢሆን በመለየት ብቻ አይፈታም። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ከተፈጠረው የፕላስቲክ ቆሻሻ ሁሉ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ነው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2008 የቆሻሻ መመሪያ መከላከልን አንደኛ፣ ለዳግም አገልግሎት ማዘጋጀትን ሁለተኛ፣ መልሶ ማምረትን ሦስተኛ ያደርጋል። ዘመቻዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ይጀምራሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ባለ ቀለም ማጠራቀሚያ ካሜራ ላይ ያምራል። ያልተገዛ ዕቃ እንዴት ይቀረጻል? ነገር ግን አደጋ አለው። ጄሲ ካትሊን እና ዪቶንግ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ወረቀት መጣያ አጠገባቸው ሲኖር ሰዎች የበለጠ ወረቀት ተጠቅመዋል። «ለነገሩ ሪሳይክል ይደረጋል» የሚለው ሐሳብ እጅ ያላላል። ስለዚህ መለየትን እንደ ሥርየት አታቅርቡት። ጠርሙሱን በትክክለኛው ማጠራቀሚያ የከተተውን ሰው በጭብጨባ የሚሸኝ መዝጊያ ሙዚቃ ካለ አውጡት።

አሁን ወደ ቪዲዮው ውስጥ እንግባ። አንድ ቪዲዮ አንድ ድርጊት። ይህችን ብቻ ብትይዙ ግማሹ ሥራ ይቀላል። «የምግብ ብክነትን እንቀንስ» ድርጊት አይደለም፤ ምኞት ነው። «ቶሎ መበላት ያለበትን ሁሉ ፍሪጁ ውስጥ በዓይን ትይዩ ባለው መደርደሪያ ላይ አድርግ» ድርጊት ነው። «ገበያ ከመውጣትህ በፊት የፍሪጅህን ውስጥ በስልክህ ፎቶ አንሳ» ድርጊት ነው። ሰው ቪዲዮውን ዘግቶ ተነስቶ አሁኑኑ ሊያደርገው ካልቻለ ርዕሱ ገና አልጠበበም ማለት ነው።

ድርጊቱም መቼና የት እንደሚሆን ይነገር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒተር ጎልዊትዘር ሲያጠናው የኖረው ነገር ነው፤ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው፣ «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ሰው በተሻለ ይፈጽማል። ስለዚህ ቪዲዮው «ሳህን ከማጠቤ በፊት ጠርሙሱን አለቀልቅና በር አጠገብ ወዳለው ከረጢት እከተዋለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጨረስ። «ለወደፊቱ ትውልድ» በሚል አይጨረስ።

የሚቀረጸው ቤትም ወሳኝ ነው። ሰፊ፣ ነጭ፣ አራት ባለ ቀለም ማጠራቀሚያ የተደረደረበት ኩሽና አታሳዩ። ተመልካቹ በልቡ «እሱ ቤት ቢኖረኝማ!» ይላል፤ አለቀ። ጠባብ ኩሽና፣ አንድ መንጠቆ ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት፣ የሚረብሽ ልጅ ይኑር። የምታሳዩት ሰው ይሳሳት፤ ጠርሙሱን ሳያጠብ ይክተት፣ ያስታውስ፣ መልሶ ያውጣው። ገና ሲጀምር ፍጹም የሆነ ሰው ለማንም አርአያ አይሆንም። እየተቸገረ የሚወጣው ሰው ግን «እኔም አያቅተኝም» ያሰኛል። «ለምን» የሚለውን አስር ሰከንድ ይብቃው። አሉሚኒየም ጣሳን አቅልጦ እንደገና መሥራት ከማዕድን ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ወደ ሥራው።

አንድ በጣም የተለመደ ስህተት አለ፤ እናንተም ስክሪፕት ላይ ሳትጽፉት አትቀሩም። «ብዙዎቻችን ቆሻሻ አንለይም፤ ያሳዝናል» የሚለው መግቢያ። በአሜሪካ አሪዞና በሚገኘው ፔትሪፋይድ ፎረስት ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ድንጋይ የሆነ እንጨት እየሰረቁ ያስቸግሩ ነበር። ሮበርት ቻልዲኒ እና ባልደረቦቹ ሁለት ዓይነት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሞከሩ። «እባክዎ አይውሰዱ» የሚለው በተተከለበት፣ ምልክት ተደርጎባቸው ከተቀመጡት እንጨቶች ከ2 በመቶ በታች ተሰረቁ። «ብዙ ጎብኚዎች ስለወሰዱ ጫካው ተጎድቷል» የሚለው በተተከለበት ግን ወደ 8 በመቶ ተሰረቀ። ወቀሳው እንደ ፈቃድ ተቆጠረ። ሰው «ሁሉም እንዲህ ነው» ሲባል የሚሰማው ሁለተኛውን ትርጉም ነው፤ ታዲያ እኔ ምን ልዩ አደረገኝ? የሚለውን።

ታዲያ በእውነትም አብዛኛው ሰው የማይለይ ከሆነስ? አትዋሹ። ጎረቤት ለጎረቤት ይተዋወቃል፤ ውሸቱ በአንድ ቀን ይነቃል። ይልቅ እየጨመረ ያለውን አሳዩ፤ ባለፈው ወር ስንት ቤት ጀመረ፣ በዚህ ወር ስንት ተጨመረ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እየጨመረ መሆኑ ከታየ ይስባል።

የሚያስፈራ ምስልም እንደዚሁ በጥንቃቄ ነው። የቆሻሻ ተራራ፣ ሆዱ በፕላስቲክ የተሞላ እንስሳ። ኪም ዊት እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበችው ንድፈ ሐሳብ፣ ፍርሃት የሚሠራው ሰውየው «ላደርገው የምችለው ነገር አለ፤ ይሠራልም» ብሎ ሲያምን ነው። ካላመነ ፍርሃቱን የሚያስታግሰው ፊቱን በማዞር ነው። አምስት ሰከንድ አሳይታችሁ ወዲያው መፍትሔውን ካላስከተላችሁ ቪዲዮው ይዘለላል። አራቱ የግንዛቤ ቪዲዮዎቻችሁ ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ምስል ይሆናሉ ብዬ እሰጋለሁ።

ርዝመቱስ? ፊሊፕ ጉዎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢድኤክስ ከተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን ተንትነው ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተመልካቹ መካከለኛ የቆይታ ጊዜ ከስድስት ደቂቃ አልበለጠም። እነዚያ ደግሞ ትምህርት ፈልገው የተመዘገቡ ሰዎች ናቸው። የእናንተ ተመልካች ድስት ጥዶ ነው የሚያየው። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ አድርጉት። የመጀመሪያዋ አምስት ሰከንድ ዕቃውን ታሳይ፤ የማኅበሩ አርማና የሊቀመንበሩ ንግግር አይቅደም። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ጉልህ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው። ድምፅ ሳይኖር የማይገባ ከሆነ ቀረጻው ድርጊቱን አላሳየም ማለት ነው።

ስለ መለየት ስትሠሩ ብዙው ችግር ያለው «ምን ይገባል» ላይ ሳይሆን «ምን አይገባም» ላይ ነው። ቀና ልብ ያለው ሰው ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው። «ሪሳይክል ይሆን ይሆናል» ብሎ ሁሉንም ይከታል። ፕላስቲክ ላይ ያለችውን፣ ውስጧ ቁጥር የተጻፈባትን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያይና ይረጋጋል። ያቺ ምልክት የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉን አትናገርም። እ.ኤ.አ. በ1988 ለኢንዱስትሪው መለያ ሆና የወጣች ናት። ፌስታልና ስስ ፕላስቲክ በመለያ ማሽኖች ላይ ይጠመጠምና ሥራ ያስቆማል። ዘይት የጠጣ ካርቶን ለወረቀት ፋብሪካ አይሆንም። ሙቀት የሚችል የመጋገሪያ ብርጭቆ ከተራ ጠርሙስ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሚቀልጥ ጠርሙሱን ያበላሻል። ጥቁር ፕላስቲክን፣ ቀለሙ ከካርቦን ከሆነ፣ በብርሃን የሚለዩ ማሽኖች አያዩትም። በእጅ የሚለይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ ነው ተረካቢውን ጠይቁ ያልኩት፤ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ዝርዝር አታንብቡ።

ባትሪ ለብቻው ቪዲዮ ይገባዋል። የሊቲየም ባትሪ መኪናው ላይ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል፤ የሚጎዳው ቆሻሻ ሰብሳቢው ነው። የሚረከበው ቦታ ከሌለ እንኳ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ ከሌላው ለይቶ ማስቀመጥን አሳዩ። መድኃኒትና ኬሚካልን ግን ኃላፊነት ካለው መሥሪያ ቤት መመሪያ ሳታገኙ አትንኩ። የምግብ ማብቂያ ቀንንም እንደዚሁ። ጥራትን የሚያመለክት ቀንና ደህንነትን የሚያመለክት ቀን ይለያያሉ። «ቀኑ ቢያልፍም ብሉት» የሚል ቪዲዮ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል የምግብ ደህንነት ባለሙያ ሳያየው አይውጣ።

ብስባሽ ለሁሉም ቤት አይሆንም። ቦታና የሚጠቀምበት አፈር ላለው ብቻ አቅርቡት። ሰው የሚተወው መጥፎ ስለሚሸት ነው፤ ሽታው የሚመጣው ደግሞ እርጥቡ ሲበዛና አየር ሲጠፋ ነው። ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ጨምሮ ማገላበጥ ይፈታዋል። ሥጋና ዘይት ለጀማሪ አይመከርም። ይህን በ90 ሰከንድ ማሳየት ይቻላል።

«ስብስብ» የሚለውን ነገር ደግሞ እንደ ተከታታይ ድራማ አትዩት። ክፍል አንድን ያላየ ክፍል ሰባት አይገባውም ከተባለ ማንም ክፍል ሰባት አይደርስም። እያንዳንዱ ለብቻው ይቁም። ርዕሱ ነዋሪው ራሱ በሚጠይቀው አነጋገር ይሁን፤ «ይሄን የት ልጣለው?» «ለምን ይሸታል?» የሚታይበት ቦታም አስቀድሞ ይታሰብ። ማጠራቀሚያው ላይ የሚለጠፍ ኪውአር ኮድ፣ ከመሰብሰቢያው ቀን በፊት ባለው ምሽት በስልክ ቡድናችሁ የሚላክ መልእክት፣ ለአዲስ ገቢ ነዋሪ ከቁልፉ ጋር የሚሰጥ። አዲስ ገቢዎችን አትለፏቸው። ቤት የለወጠ ሰው የድሮ ልማዱ ስለተናጋ አዲስ ለማስያዝ ምቹ ጊዜ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን መልቀቅም አያስፈልግም። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አንድ አዲስ ልማድ እስኪለመድ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር። እንደ ሰውና እንደ ድርጊቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንዱን ቪዲዮ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ መላክ አዲስ ከመቅረጽ ይሻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል።

ታዋቂውን ሰው ተዉት። ተመልካች ያመጣል፣ እውነት ነው። ግን የእሱን ቤት ቆሻሻ ማን እንደሚያወጣ ሁሉም ያውቃል። ገንዘቡን ለማጠራቀሚያ አውሉት። ፊት የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ነው። አንድ ጎረቤት፣ አንድ ቆሻሻ ሰብሳቢ። ሰብሳቢው ከረጢት ከፍቶ «ይሄ ይሸጣል፣ ይሄ ግን ሁሉን አበላሸብኝ» ሲል የሚሰማው ስሜት በትወና አይመጣም። ግን ፈቃዱን ጠይቁ፣ ላጠፋው ጊዜ ክፈሉት፣ ከመለቀቁ በፊት አሳዩት። እንዲታዘንለት አድርጋችሁ እንዳትቀርጹት። የሥራው ባለሙያ እሱ ነው።

ስለ መለኪያው። የእይታ ቁጥር ቪዲዮው መድረሱን ብቻ ይነግራችኋል። መጠይቅም አያስተማምንም፤ «ትለያላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ማለት ቀላል ነው። ሚዛን ተጠቀሙ። ከመጀመራችሁ በፊት የአራት ሳምንት ክብደት ያዙ፤ ጠቅላላው ስንት ነው፣ የተለየው ስንት ነው፣ ከተለየው ውስጥ ተረካቢው የጣለው ስንት ነው። ከዚያ ግማሹ ሕንፃ ወይም መንገድ ቪዲዮው ይድረሰው፣ ግማሹ ለጊዜው ይቆይ። ልዩነቱን ያኔ ታዩታላችሁ። የተለየው ጨምሮ ጠቅላላው ካልቀነሰ፣ መለየትን እንጂ መቀነስን አላስተማራችሁም። ውጤቱን ደግሞ ለነዋሪው መልሱለት። ዌስሊ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው የካሊፎርኒያ የመስክ ሙከራ፣ ሰፈሩ ምን ያህል እንደለየ በየሳምንቱ በራቸው ላይ የተጻፈላቸው ቤቶች ተሳትፏቸው ጨምሯል። የእናንተ ምርጡ ቪዲዮም ምናልባት በስልክ የተቀረጸ፣ የወሩን ክብደት የሚያሳይ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል።

ምክሬ ይሄ ነው። አሥራ ሁለቱን ሰርዙ። ስድስት ሥሩ፤ ሁለት ስለ ምግብ፣ አንድ ስለ ማይገዛ ወይም ስለሚጠገን ዕቃ፣ አንድ ስለ ማይገባው ነገር፣ አንድ ስለ ባትሪ፣ አንድ የለያችሁት የት እንደሚደርስ ተከትሎ የሚያሳይ። የመጨረሻው «ተደባልቆ ነው የሚጫነው» ለሚለው ሰው ነው፤ እውነት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መቀረጹን ትታችሁ መኪናውን አስተካክሉ። ከስድስቱ መጀመሪያ ሦስቱን ብቻ በስልክ ቀርጻችሁ ለአምስት ስድስት ቤት አሳዩ። «ወደዳችሁት?» አትበሉ። «እስቲ አሁን አድርጉት» በሉና እጃቸውን ተመልከቱ። የት ጋ እንደሚቆሙ ካያችሁ በኋላ ነው ባለሙያ ቀራጭ የሚጠራው።

ተረካቢ ሲቀየር ሕጉም ይቀየራል። ስለዚህ የአካባቢያችሁን ዝርዝር የያዘው ክፍል በቀላሉ ተቆርጦ የሚተካ ይሁን፤ የተቀረጸበት ወርና ዓመትም ጥግ ላይ ይጻፍበት። በዓመት ሁለት ጊዜ ተረካቢውን ደውሎ የሚጠይቅና ያረጀውን የሚያነሳ አንድ ሰው በስም መድቡ። ያ ሰው ካልተገኘ ከስድስቱ «የማይገባው» የሚለውን አትልቀቁት፤ ጊዜው ያለፈበት ዝርዝር ካለመኖሩ ይብሳል።